ስፔን ባህር ዳር ለመዞር መኪና ምን ያደርጋል?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ከረማችሁ። ጋዜጣችሁን አዲስ አበባ ያለች እህቴ በስልክ ፎቶ እያነሳች ነው የምትልክልኝ፣ አንዳንዴ ጠርዙ ይቆረጥና የአረፍተ ነገሩን ጫፍ ራሴ እየገመትኩ አነባለሁ፣ ቢሆንም አያመልጠኝም። አሁን የምጽፍላችሁ በቅርቡ ስለ ስፔን ባወጣችሁት የጉዞ ጽሁፍ ምክንያት ነው። ጸሀፊው ጥሩ አድርገው ነው የጻፉት፣ ስለ ሳግራዳ ፋሚሊያም ስለ ማድሪድም ያሉት ደስ ይላል፣ ግን ባህር ዳሩ ጋ ሲደርሱ ከኤርፖርት መኪና ተከራዩ፣ ያለ መኪና አታዩትም ብለው ቁጭ አሉ። እዚች ላይ ነው የማልስማማው፣ ዝም ብል ደሞ የሳቸውን ምክር ይዞ የሚመጣ ሰው ገንዘቡንም እረፍቱንም ያጠፋል።

እኔ ባርሴሎና ነው የምኖረው። ሐምሌና ነሐሴ ሲመጣ ከጀርመን፣ ከጣልያን፣ ከአሜሪካ ዘመድ አዝማድ ይመጣል፣ ማረፊያው የኔ ሳሎን ነው፣ አስጎብኚውም እኔው ነኝ። ነሐሴ ላይ መኪና ይዞ ባህር ዳር መውጣት ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ፓርኪንግ ፍለጋ ግማሽ ቀኑ ይሄዳል፣ የተገኘውም በሰዓት ያስከፍላል፣ ለኪራዩ ክሬዲት ካርድ ላይ ዲፖዚት ይያዛል፣ እሁድ ማታ ደሞ የከተማው ሰው ሁሉ አብሮ ስለሚመለስ ሀይዌይ ላይ ቆሞ ማምሸት ነው፣ ከሁሉም በላይ ግን ሹፌሩ ባህሩን አያይም። መንገድ ነው የሚያየው። ሌላው ቢራውን ይዞ ሲጫወት እሱ አምቦ ውሃ ቢጤ ይዞ ይቀመጣል። ይሄ እረፍት ነው እንዴ?

ዘዴው እኮ ቀላል ነው። አንድ ከተማ ላይ ታድራላችሁ፣ ሻንጣችሁ እዛው ይቀመጣል፣ ጠዋት በባቡር ትወጣላችሁ፣ ባቡሩ የማይደርስበትን በጀልባ ትጨርሱታላችሁ፣ ማታ አልጋችሁ ላይ ናችሁ። ይሄ በየሀገሩ አይሰራም። ስፔን ላይ የሚሰራው ሀዲዱ ድሮውኑ ውሃው አፍ ላይ ስለተዘረጋ ነው። (ዓመተ ምህረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) ከባርሴሎና ማታሮ የሚሄደው መስመር የተከፈተው ኦክቶበር 28 ቀን 1848 ነው፣ በዋናው የስፔን ምድር የመጀመሪያው ባቡር እሱ ነው። ዋናው ምድር ያልኩት በምክንያት ነው፣ ምክንያቱም ስፔን ራሷ ባቡር ሳይኖራት ቅኝ ግዛቷ ኩባ በ1837 ባቡር ነበራት። ሚኬል ቢያዳ የሚባል የማታሮ ሰው ኩባ ሲነግድ ኖሮ ያንን አይቶ መጣና እኛስ ለምን አይኖረንም ብሎ ተነሳ፣ ገንዘቡን ከእንግሊዝም ከሌላም አሰባስቦ ስራው ሊያልቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ሞተ። ምርቃቱን አላየውም። ያኔ የባህር ዳር አሸዋ ማንም የማይፈልገው ለጥ ያለ መሬት ነበር፣ ለሀዲድ የሚመች፣ ዛሬ ያ መሬት ወርቅ ሆኗል፣ ባቡሩ ግን ቀድሞ ስለያዘው ማንም አላነሳውም።

ማንም አላነሳውም ስል ከባርሴሎና በስተቀር። እዚህ ላይ ትንሽ ልውጣ። ባርሴሎና ሲባል የኛ ሰው ትዝ የሚለው 1992 ነው፣ ደራርቱ ቱሉ ሞንጁዊክ ስቴዲየም ላይ 10,000 ሜትሩን አሸንፋ ከደቡብ አፍሪካዋ ኤላና ሜየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው የዞሩባት ማታ። እንግዶቼን ሁሉ መጀመሪያ የምወስዳቸው እዛ ነው፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ አንዳንዱም ያለቅሳል። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ያ ኦሊምፒክ ከመምጣቱ በፊት ይቺ ከተማ ለባህሯ ጀርባዋን ሰጥታ እንደነበር ነው፣ ሀዲዱ፣ ፋብሪካውና መጋዘኑ መሀል ገብተው ነበር። የአትሌቶቹ መንደር የሚሰራበት ቦታ ላይ የነበረውን ሀዲድ፣ ያንኑ የቢያዳን መስመር ማለት ነው፣ አንስተው ባቡሩን በሌላ በኩል አዞሩት፣ ፋብሪካው ፈረሰ፣ አሸዋ ተደፋ። ባርሴሎኔታ ከሚባለው ሰፈር ወዲያ ዛሬ ሰው ተጋድሞ የሚሞቅበት ዳርቻ በአብዛኛው የዛን ጊዜ ስራ ነው። ደራርቱ የሮጠችበት ዓመት ለከተማውም ሌላ ነገር ነበር።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። አር 1 የሚባለውን ባቡር ከፕላሳ ካታሉኛ ትይዛላችሁ፣ ሲሄድ በቀኝ በኩል ነው መቀመጥ፣ ባህሩ በቀኝ ነው። የወንበር ቁጥር ምናምን የለውም፣ ቀድሞ የገባ ይቀመጣል። ትኬቷን ደሞ እንዳትጥሏት፣ ብዙ ጣቢያ ላይ ለመውጣትም ትጠየቃለች። ባዳሎና ከደረሰ በኋላ መስኮቱ በቃ ውሃ ብቻ ነው፣ አንዳንድ ቦታ በሀዲዱና በማዕበሉ መሀል ያለው ድንጋይ ክምር ብቻ ነው፣ ጣቢያው ላይ ወርዳችሁ በመሻገሪያው ስር አለፍ ካላችሁ እግራችሁ አሸዋ ላይ ነው። ኤል ማስኑ፣ ቪላሳር፣ ካኔት፣ ካሌያ፣ የፈለጋችሁበት ውረዱ። እኔ የምወደው ሳንት ፖል ዴ ማርን ነው፣ ትንሽ ናት፣ ቤቶቿ ነጭ ናቸው፣ ከካሌያ ጋር ሲተያይ ጩኸት የለም ማለት ይቻላል።

ውሃ አፍ ላይ የተሰራ ነገር ግን ባህሩ እየመጣ ሂሳብ ይጠይቀዋል። በጃንዋሪ 2020 ግሎሪያ የሚባል ማዕበል መጥቶ ማልግራትና ብላኔስ መሀል ያለውን የቶርዴራ ወንዝ የባቡር ድልድይ ጣለው፣ አዲስ እስኪሰራ ሰው ያንን ክፍል በባስ ነበር የሚሻገረው። ደሞ ከአሬንስ ዴ ማር ወዲያ ሀዲዱ ነጠላ ነው፣ አንዱ ባቡር ሌላው እስኪያልፍ ጣቢያ ላይ ይጠብቃል፣ ስለዚ አንድ ባቡር ሲዘገይ ተከታዮቹ ሁሉ ይዘገያሉ፣ ቆመ ብላችሁ አትደንግጡ። እንደዚህ አይነት ቀን ላይ ሰዓት እየቆጠሩ መሄድ አይሆንም፣ አንድ ባቡር ቀድሞ መውጣት ነው።

ብላኔስ ጣቢያው ከከተማው ራቅ ይላል፣ ወርዳችሁ ባህሩ የታለ ብላችሁ ግራ እንዳይገባችሁ፣ የከተማ ባስ አለ። ባህር ዳሩ ላይ ሳ ፓሎሜራ የሚባል ውሃ ውስጥ የገባ ቋጥኝ ታያላችሁ፣ ኮስታ ብራቫ የሚባለው ገደላማ ዳርቻ የሚጀምረው ከሱ ነው ይላሉ፣ እውነትም እስከዛ ድረስ ዳርቻው ረጅምና ቀጥ ያለ አሸዋ ነበር፣ ከዛ ወዲያ ገደል ነው፣ ጥዱ ጫፉ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ስር ስሩን ትንንሽ ጉያ ጉያ ያለው ውሃ። ሀዲዱም እዚሁ አካባቢ ባህሩን ትቶ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ጀልባው የሚጀምረው እንግዲህ ባቡሩ እምቢ ካለበት ቦታ ነው።

የነዚህ ጀልባዎች ነገር ሲያስቅ። ሎሬትና ቶሳ የሚባሉት ከተሞች ላይ ወደብ የሚባል ነገር አይጠብቁም፣ አፍንጫቸውን አሸዋው ላይ ያስደግፉና ከፊት መሰላል ቢጤ ድልድይ ይዘረጋሉ፣ ሰው አንድ በአንድ ይወጣል። አክስቴ ስታየው ይሄማ በህይወቴ አይሆንም ብላ ቆመች፣ መርከበኛው እጇን ይዞ አወጣት፣ ከዛ ቶሳ እስክንደርስ ማርያም ማርያም እያለች ግን ከመስኮቱ አልነቀል አለች። ከብላኔስ ቶሳ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው፣ መሀል ሎሬት ላይ ይቆማል። ሎሬት ለወጣት ነው፣ ሙዚቃና ዲስኮ ለሚፈልግ። ቶሳ ግን ሌላ ነገር ናት፣ ኮረብታዋ ላይ በግንብና በክብ ማማ የታጠረ የመካከለኛው ዘመን መንደር አለ፣ ውስጡ አሁንም ሰው ይኖራል፣ ጫፉ ላይ ወጥታችሁ ስታዩ የመጣችሁበት ባህር በሙሉ ከታች ነው። በ1989 የበሬ ፍልሚያ እኛ ከተማ አንፈልግም ብላ ያወጀች የመጀመሪያዋ የስፔን ከተማም እሷ ናት፣ ስፔን ማለት በሬ ብቻ ለሚመስለው ሰው ይሄን እነግረዋለሁ።

ቶሳ ባቡር የላትም። ስለዚ ትኬት ስትገዙ የመጨረሻው መልስ ጀልባ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠይቃችሁ ስልካችሁ ላይ ጻፉት። የወንድሜ ልጅ አይስክሬም ሰልፍ ላይ ቆሞ አመለጠው፣ በባስ ነው ባርሴሎና የገባው፣ ባስ አለ፣ ዓለም አላለቀም፣ ግን የመልስ ትኬቱ ገንዘብ ጠፋ። ጀልባዎቹ የሚሰሩት ከፋሲካ አካባቢ እስከ ኦክቶበር ነው፣ በፈረንጅ ክረምት፣ በብርዱ ወራት ብትመጡ መሰላሉም ጀልባውም የለም። በሙቀቱም ወራት ቢሆን ነፋስ ከተነሳ አይወጡም፣ አሸዋ ላይ መጠጋት ስለማይችሉ ነው፣ ፀሀይ ወጥቶ ሰማዩ ጠርቶ እያያችሁት ዛሬ የለም ሊሏችሁ ይችላሉ፣ አትከራከሩ።

አንድ ነገር ደሞ ጸሀፊው አላነሱትም፣ እኔ ግን ዋና ነው ብዬ ነው የማስበው። እዚህ ሀገር የባህር ዳርቻ የማንም የግል አይደለም። በ1978 ህገ መንግስታቸው ላይ ዳርቻው የህዝብ ነው ብለው ጽፈውታል፣ በ1988 ደሞ የባህር ዳር ህግ አውጥተው አጥብቀውታል። ሆቴሉ ስንት ኮከብ ቢኖረው ከፊቱ ያለው አሸዋ ላይ ፎጣችሁን አንጥፋችሁ መተኛት መብታችሁ ነው። የሚያስከፍለው ወንበርና ጃንጥላ የሚያከራየው ነው፣ እሱን ካልፈለጋችሁ አለመውሰድ ነው። ይሄን የምለው ጣልያን ከሚኖሩ ዘመዶቼ ብዙዎቹ ከፍሎ መግባት ስለለመዱ እዚህም መጥተው የት ነው የሚከፈለው እያሉ ስለሚያፍሩ ነው። አሸዋው ነጻ ከሆነ፣ ባቡሩ ጥቂት ዩሮ ከሆነ፣ የሚቀረው ጀልባና ምሳ ነው፣ ቤተሰብ ይዞ የሚመጣ ሰው ይሄን ቁጭ ብሎ ይደምረው።

ምሳ ካልኩ አይቀር፣ ነሐሴ ማለት ለኛ ፍልሰታ ነው፣ እና የእረፍቱ ወቅትና ጾሙ አንድ ላይ ይወድቃል። በየዓመቱ ምን ልንበላ ነው የሚል ጭንቀት አለ፣ ዓሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እኔ እዚህ አልከፍተውም፣ ጀልባ ላይ ተከፍቶ አይቼዋለሁ ይበቃኛል። ግን የካታላኖች ዋና ነገር ፓ አምብ ቶማኬት የሚባል ነው፣ ዳቦ ላይ ቲማቲም ይታሻል፣ የወይራ ዘይት ይፈሳል፣ ጨው፣ በቃ፣ ጾም ነው። ኤስካሊቫዳ አለ፣ ብደርጃንና ቃሪያ በእሳት ተጠብሶ ተልጦ በዘይት የሚቀርብ፣ ብቻ አንቾቪ የሚባለውን ትንሽ ዓሳ ላዩ ላይ እንዳያደርጉበት አስቀድማችሁ ንገሩ። ጋስፓቾም አለ ቀዝቃዛ የቲማቲም ሾርባ። ሲጠማችሁ ኦርቻታ በሉ፣ ወተት ይመስላል እንጂ ወተት የለበትም፣ ቫሌንሲያ አካባቢ ከመሬት ስር ከሚለቀም ትንሽ ፍሬ የሚጨመቅ ነው። ላልጾመ ሰው ኮርታዶ ከማኪያቶ ይጠጋል፣ ከቡናችን ግን አይደርስም፣ ይሄን ያህል ማዳላት ይፈቀድልኝ።

በሌላ አቅጣጫ ሲትጀስ አለ፣ ከባርሴሎና ግማሽ ሰዓት አልፎ ትንሽ ነው፣ ጋራፍ የሚባለውን ተራራ ዋሻ በዋሻ እያለ ነው የሚያልፈው፣ አንዱ ዋሻ አልቆ ሌላው እስኪጀምር ገደልና ባህር ብልጭ ይላል። በዚህኛው በግራ ተቀመጡ። ልጅ የያዘ ሰው ቀጥሎ ያለው ቪላኖቫ ላይ ይውረድ፣ የድሮ የእንፋሎት ባቡሮች የተሰበሰቡበት ሙዚየም አለ፣ ጣቢያው አጠገብ።

ጀልባ የሌለው ግን ሳልጠቅሰው የማላልፈው ፖርትቦ ነው። ከባርሴሎና ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ ፈረንሳይ ድንበር ላይ። የመንደሩ ትንሽነትና የጣቢያው ትልቅነት ፈጽሞ አይመጣጠንም፣ ምክንያቱም የስፔን ሀዲድ ስፋቱ 1,668 ሚሊ ሜትር ነው፣ የፈረንሳይ 1,435፣ አይገጥሙም፣ ሰውም እቃም እዚህ ድንበር ላይ ወርዶ ሌላ ባቡር መሳፈር ነበረበት። የቫሌንሲያ ብርቱካን ወዲያ ማዶ ፈረንሳይ ሰርቤር ላይ በሴቶች እጅ በቅርጫት ከባቡር ወደ ባቡር ይገለበጥ ነበር፣ በ1906 ሴቶቹ ደሞዝ ይጨመርልን ብለው ስራ እስከማቆም ደርሰዋል። ፖርትቦ ላይ ደሞ ጀርመናዊው ፈላስፋ ዋልተር ቤንያሚን ነው የተቀበረው፣ ይሁዲ ነበር፣ ከናዚዎች ሸሽቶ ተራራውን በእግሩ አቋርጦ መጣ፣ የስፔን ፖሊስ ወረቀትህ አይሆንም፣ ትመለሳለህ አለው፣ ሴፕቴምበር 1940 ላይ ሆቴል ውስጥ ሞተ። ከመቃብሩ አጠገብ ዳኒ ካራቫን የሚባል እስራኤላዊ ቀራጺ የሰራው ሀውልት አለ፣ በ1994 የተመረቀ፣ ከብረት የተሰራ ደረጃ ነው፣ በጠባብ መተላለፊያ ቁልቁል ወደ ባህሩ ይወርዳል፣ መጨረሻው ላይ መስታወት ይከለክላችኋል። ወረቀት አይሆንም መባልን የሚያውቅ ሰው እዛ ደረጃ ላይ ብዙ አያወራም። የኛ ሰዎች ዝም ብለው ነው የሚመለሱት።

ባርሴሎና ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ለኔ በባቡርና በጀልባ ከሁሉ የሚበልጠው አሊካንቴ ነው። አንድ ቀን ለደሴቷ አንድ ቀን ለባቡሩ ስጡት። ደሴቷ ታባርካ ትባላለች፣ ከአሊካንቴ ወደብ በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ከሳንታ ፖላ ከሆነ ከዛ ያንሳል። ርዝመቷ ሁለት ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ ዓመቱን ሙሉ የሚኖርባት ሰው ጥቂት ነው፣ በዙሪያዋ ያለው ውሃ ከ1986 ጀምሮ ጥብቅ ነው፣ የስፔን የመጀመሪያው የተጠበቀ ባህር። እኔን የገረመኝ ግን የሰዎቹ ታሪክ ነው። አያት ቅድመ አያቶቻቸው ቱኒዚያ አጠገብ ታባርካ በምትባል ሌላ ደሴት ላይ ኮራል የሚያወጡ የጄኖቫ ሰዎች ነበሩ፣ በ1741 የቱኒስ ገዢ ወረራቸውና ባሪያ አደረጋቸው፣ ኋላም አልጀርስ ተወሰዱ፣ በ1760ዎቹ መጨረሻ የስፔኑ ንጉስ ካርሎስ ሳልሳዊ ከፍሎ አስፈታቸውና ይቺን ባዶ ደሴት ሰጥቶ በግንብ አጥሮ አሰፈራቸው። ንጉሱም በነጻ አላደረገውም፣ የባህር ሽፍቶች መደበቂያ ሆና ስላስቸገረችው ሰው ሊያሰፍርባት ፈልጎ ነው። ዛሬም አካባቢው ላይ የጣልያን መጠሪያ ስም ያላቸው ስፔኖች ታገኛላችሁ። ኮፍያና ውሃ ያዙ፣ ዛፍ የሚባል የለም፣ ከሰዓት በኋላ ፀሀዩ ይገርፋል።

ባቡሩ ደሞ ትራም ይሉታል ግን ትራም አይደለም፣ ከአሊካንቴ ቤኒዶርም፣ ከዛ ቀይራችሁ አልቴያ፣ ካልፔ፣ እስከ ዴኒያ ድረስ ነው የሚሄደው። ሀዲዱ አንድ ሜትር ነው ስፋቱ፣ የድሮው የጅቡቲ አዲስ አበባ ምድር ባቡራችን ስፋት፣ ዘመኑም ይቀራረባል፣ ይሄኛው ዴኒያ የደረሰው በ1915 ነው፣ የኛው ለገሃር የገባው በ1917። አባቴ የምድር ባቡር ተሳፋሪ ነበር፣ ድሬዳዋ ሲመላለስ፣ ስለዚ ይቺ መስመር ላይ ስሆን ሆዴ ይባባል፣ አይፈረድብኝም። አልቴያና ካልፔ መሀል ማስካራት የሚባል ገደል አለ፣ ባቡሩ ከዋሻ ይወጣና በድልድይ ላይ ሆኖ ያልፈዋል፣ ወደ ታች ማየት ለሚፈራ ሰው አይሆንም። ሀዲዱ አርጅቶ ከ2016 ጀምሮ ከካልፔ ወዲያ ያለው ተዘግቶ ነበር፣ ጠግነው በ2023 መጀመሪያ እስከ ዴኒያ እንደገና ከፍተውታል። ቀስ እያለ ነው የሚሄደው። የሚቸኩል ሰው አይሳፈርበት።

ካዲዝ ላይ ደሞ ዙሪያውን በአንድ ቀን ትዘጉታላችሁ። ከተማዋ ባህር ውስጥ የገባች ምላስ ናት፣ የባቡር ጣቢያውና ወደቡ ጎን ለጎን ናቸው። ጠዋት በባቡር የባህር ሰላጤውን ዞራችሁ፣ በጨው ማምረቻው ረግረግ መሀል፣ ኤል ፑኤርቶ ዴ ሳንታ ማሪያ ትሄዳላችሁ፣ ምሳችሁን በልታችሁ በካታማራን፣ ሁለት ቀፎ ባላት ፈጣን ጀልባ፣ ሰላጤውን ቀጥታ ቆርጣችሁ በግማሽ ሰዓት ትመለሳላችሁ። ካታማራኑ ከ2006 ጀምሮ የህዝብ ትራንስፖርት ነው፣ ሰራተኛው ሁሉ ነው የሚሳፈርበት፣ ዋጋውም እንደዛው። ከሱ በፊት ቫፖርሲቶ የሚሏት ትንሽ መርከብ ነበረች፣ መስመሩ ከ1929 ጀምሮ የነበረ፣ በ2011 ካዲዝ ወደብ ላይ ከግንቡ ተጋጭታ ሰጠመች፣ ተሳፋሪው ተርፏል። እስካሁን ስሟን እያነሱ ያወራሉ፣ ካታማራኑ ፈጣን ነው፣ ውስጡ ግን እንደ ባስ ዝግ ነው ነፋስ አይገባም ብለው ያማርራሉ። ሌቫንቴ የሚሉት የምስራቅ ነፋስ ሲነሳ እሱም ይቆማል፣ ባቡሩ ግን አለ።

ሌላውን ቶሎ ቶሎ ልበል። ማላጋ ላይ እስከ ፉኤንሂሮላ በየ20 ደቂቃው ባቡር አለ፣ ኤርፖርቱንም ይነካል፣ ማርቤያ ግን አይደርስም፣ እዛ ያሉት ሀብታሞች መኪና ስላላቸው ይሆናል። ቪጎ ያለ ሰው የሲየስ ደሴቶችን ይይ፣ ግን የጀልባ ትኬት ከመቁረጡ በፊት ኦንላይን ፈቃድ ማውጣት አለበት፣ በቀን የሚገባው ሰው ቁጥር የተወሰነ ነው፣ ደሴቷ ላይ ቆሻሻ መጣያ ስለሌለ ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። ሳን ሴባስቲያን ላይ ቶፖ የሚባል ትንሽ ባቡር አለ፣ ከ1913 ጀምሮ ድንበሩን ተሻግሮ ፈረንሳይ ኦንዳይ ይገባል፣ ከዛ ቢዳሶዋ ወንዝ አፍ ላይ በትንሽ ጀልባ ወደ ስፔኗ ኦንዳሪቢያ መመለስ ነው፣ ጥቂት ደቂቃ፣ ከጣቢያው እስከ ጀልባው ግን ያስኬዳል። እዛው ወንዝ መሀል የፌዛንት ደሴት የምትባል አለች፣ በ1659 የሁለቱ ነገስታት ሚኒስትሮች ሰላም የተፈራረሙባት፣ እስከ ዛሬ ስድስት ወር የስፔን ስድስት ወር የፈረንሳይ ናት፣ እየተቀባበሉ፣ አንዲት ጥይት ሳይተኮስ። የሰሜኑን ጠባብ ሀዲድ ባቡር ያነሳሁ እንደሆነ ደሞ ካንታብሪያና አስቱሪያስ ለሚባሉት ክልሎች በ2020 ያዘዙላቸው 31 ባቡሮች ልኬታቸው ዋሻው ውስጥ እንደማይገባ ተደርሶበት በ2023 የባቡር ድርጅቱ ፕሬዚዳንትና የትራንስፖርት ሚኒስቴር ዴኤታዋ ስልጣን ለቀዋል። የሚገርመው ስህተቱ አይደለም፣ መልቀቃቸው ነው።

አሁን ስለ ፓስፖርትና ቪዛ አንድ ጠንከር ያለ ነገር ልበል፣ ጸሀፊው የሞሮኮዋን ታንጀርን ለአንድ ቀን ደርሳችሁ ተመለሱ ያሉበት ቦታ ስላለ። ከታሪፋ ታንጀር በመርከብ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ እውነት ነው፣ ፈረንጁ ጠዋት ሄዶ ማታ ይመለሳል። በኢትዮጵያ ፓስፖርትና በነጠላ መግቢያ ሸንገን ቪዛ የመጣ ሰው ግን ሞሮኮ ረገጠ ማለት ከሸንገን ወጣ ማለት ነው፣ መልሶ የሚያስገባው ቪዛ የለውም፣ የሞሮኮን ቪዛ ጉዳይ ሳንቆጥር። ይሄን እባካችሁ በሚቀጥለው እትም አርሙት፣ የጉዞ ወኪሎች ፓኬጁን ሲሸጡ ፓስፖርታችሁን አይጠይቁም። ኦንዳይ ላይም ሆነ ፖርትቦን አልፎ ሰርቤር ላይ የፈረንሳይ ፖሊስ ከ2015 ወዲህ ይፈትሻል፣ በተለይ እንደኛ ጠቆር ያለውን፣ ፓስፖርት ወይም የመኖሪያ ካርድ ሆቴል ትታችሁ እንዳትሄዱ። ፎቶ ኮፒ አይሰራም።

ጸሀፊው ሁሉም ነገር ላይ ተሳስተዋል አልልም። አልሜሪያ አጠገብ ካቦ ዴ ጋታ ለመዞር መኪና ያስፈልጋል፣ የኮስታ ብራቫን ሰሜን ጫፍ ካዳኬስን የመሳሰሉትንም ባቡር አይደርስባቸውም፣ ከፊጌሬስ ባስ ወይም ከሮሳስ ጀልባ ነው፣ ትራሙንታና የሚሉት ነፋስ ከተነሳ ጀልባውም የለም። እግር የሚያማቸው እናትና አባት ይዞ የመጣም ሰው መኪና ቢከራይ አልፈርድበትም፣ አንዳንድ የድሮ ጣቢያ ላይ ሊፍት የለም፣ በፕላትፎርሙና በባቡሩ መሀልም ከፍታው ይለያያል። ግን ይሄ ከጠቅላላው ጥቂቱ ነው።

በመጨረሻ አንድ ጥያቄ አለኝ። ቫሌንሲያ የሚኖር አንባቢ ካላችሁ፣ ለማራቶኑ የሚመጣ የኛ ሰው ብዙ ስለሆነ እንደሚኖር እርግጠኛ ነኝ፣ ከቫሌንሲያ ጋንዲያ ስለሚሄደው ባቡርና ስለ አልቡፌራ ሀይቅ ጀልባዎች ይጻፍልን፣ ሩጫው ዲሴምበር ላይ ስለሆነ በዛ ሰሞን የትኛው ጀልባ እንደሚሰራ እዛ ያለ ሰው ነው የሚያውቀው። ቦታ ከጠበባችሁ ከዚህ ደብዳቤ ላይ የምግቡን ቆርጣችሁ አውጡት፣ የታንጀሩን ግን አትቁረጡብኝ።

አንባቢያችሁ፣ ከባርሴሎና